ዕቃው ተቀይሮ ድምፁ ሲከፋ፦ ከደብረ ብርሃን ሳሎን የተጻፈ መመሪያ

አጎቴ በሁዳዴ ከመንዝ መጥተው እኔ ጋ አደሩ። አዲሱን ሲስተሜን ላሰማቸው ቸኩያለሁ። ድምፁን የሚያጎላው አምፑ አዲስ፣ ስፒከሮቹ አዲስ፣ የስልኩንና የኮምፒውተሩን ድምፅ ተቀብሎ ለአምፑ የሚያቀብለው ዳክም አዲስ። የሁለት ዓመት ቁጠባዬ እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በገና ከፈትኩላቸው። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «የድሮዋ ትሻል ነበር። ይኼኛው ይጮኻል እንጂ አይነግርህም» አሉኝ።

ተናደድኩ። የተናደድኩት ልክ ስለሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብኝ። አምፑ ምንም አልሆነም። ስፒከሮቹም ጤነኞች ናቸው። ጥፋቱ ሳልቆጥረው ያለፍኩት ለውጥ ነበር። ዕቃውን የገዛሁት ቤት በቀየርኩ ሰሞን ነው። የድሮው ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ መደቡ ላይ አጎዛ። አዲሱ ብሎኬት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ የወቀስኩት አምፑን ነው። እንዲያውም «የሚሸጥ» ብዬ ፎቶ አንስቼው ነበር።

እናንተም ብዙ ብር አውጥታችሁ ዕቃ ቀይራችሁ፣ ድምፁ ግን ልባችሁን ካልሞላው፣ ከመሸጣችሁ በፊት ይህንን ተከተሉ። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ነው፤ ብር የማያስወጣው ይቀድማል። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ ሜትር፣ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ የእጅ መስታወት፣ ስልክና አንድ ትዕግሥተኛ ረዳት ነው።

ደረጃ 1፦ የቀየራችሁትን ሁሉ ቁጠሩ

«አምፕ ቀየርኩ» ብላችሁ አታቁሙ። አምፑን ስታስገቡ መደርደሪያው ተንቀሳቅሷል? ስፒከሩ ወደ ግድግዳው ቀረበ ወይስ ራቀ? ሶፋው ዞሯል? ምንጣፉ ለእጥበት ወጥቶ ቀረ? ገመዶቹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችኋል? ቀድሞ በሲዲ ትሰሙ የነበረው አሁን በብሉቱዝ ሆኗል? ሁሉንም ጻፉት። የኔ ዝርዝር 11 ደረሰ። ከ11ዱ ብር የከፈልኩባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ከጎኑ ደግሞ ቅሬታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ደስ አይልም» አይጠቅምም። ቤዙ ጠፋ? ያኔ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የገመዱን ፕላስና ማይነስ ነው፤ ቀጥሎ የስፒከሩን ቦታ። ጆሮ ይበሳል? ክፍሉን ወይም ሴቲንጉን ጠርጥሩ። ያጉረመርማል? መብራቱ ነው። የታፈነ ነው? ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ ላይ ድምፅ እየደረሰ መሆኑን እዩ። ከፍ ስታደርጉት ቆርጦ ይጠፋል? ሙቀት ወይም የአምፕና የስፒከር አለመጣጣም ነው። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል? ከመቀመጫችሁ እስከ ሁለቱም ስፒከሮች ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት አምፕ እንዳስፈታ ብትሰሙ ትስቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ የምታውቁትን ድምፅ መለኪያ አድርጉ

ሦስት ቅጂ ምረጡ፤ በሁሉም ሙከራ ላይ እነዚያኑ ተጠቀሙ። አንዱ ብቻውን የሚናገር ሰው ይሁን። የሰውን ድምፅ ጆሯችን ከሁሉም በላይ ያውቀዋል፤ ሲበላሽ ወዲያው ይነቃል። ሁለተኛው ብዙ መሣሪያ የገባበት ባንድ። ሦስተኛው፣ በኔ ምርጫ፣ በገና።

በገና ጎበዝ ፈታኝ ነው። 10 አውታር አለው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ደግሞ ይነዝራል። ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዝራ ከምትባል ቁራጭ ቆዳ ነው። አንድ ወዳጄ ይህንን ሳያውቅ «ስፒከሬ ተቀደደ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ወስዶታል። ጥሩ ሲስተም ላይ ንዝረቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ከሥሩ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ቆሞ ይቀራል። ንዝረቱ ብቻ ቀርቶ ወፍራሙ ከጠፋ ችግር አለ። እንደ ከበሮ ድም ድም የሚል ከሆነም ችግር አለ፤ እሱ የክፍሉ ነው።

ቅጂው ራሱ ጥሩ መሆኑን አረጋግጡ። ከቴሌግራም የወረደ ፋይል በ128 ኪሎ ቢት ተጨምቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። «320» የሚል ተጽፎበት ከ128 መልሶ የተቀየረም ሞልቷል። የሲዲ ፍሰት በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ነው። የድሮ ሲስተማችሁ ይህንን ልዩነት ይሸፍንላችሁ ነበር፤ አዲሱ ያጋልጠዋል። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ የኖሩ ዘፈኖችም እንደዚያው ናቸው። ሹሹታቸው አብሯቸው የመጣ ነው፤ አምፑን አትውቀሱበት። ቢያንስ አንዱ መለኪያችሁ ከዋናው ሲዲ የመጣ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ወደ ኋላ ተመለሱ

የድሮውን አምፕ መልሳችሁ ሰኩት። አንድ ዕቃ ብቻ መልሱ፣ ስሙ፣ ጻፉ። ከዚያ እሱን ወደ አዲሱ መልሳችሁ ሌላውን ሞክሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ምንም አታውቁም። የድሮውን ሸጣችሁት ከሆነ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ተራ አምፕም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ሲነጻጸር የሁለቱ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል፤ የድምፅ ከፍታ በሚለካበት በዲሲቤል የ1 ልዩነት እንኳ ፍርዱን ያዛባል። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን፣ ክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የሚሰማውን የሙከራ ድምፅ ክፈቱ። ስልኩን ስትሰሙ ጭንቅላታችሁ የሚሆንበት ቦታ አስቀምጡና ሁለቱንም አንድ ቁጥር ላይ አምጡ። የቮልዩም ማዞሪያው የት ላይ እንዳለ አትዩ። ሩብ ሲዞር የሚጮኸው አምፕ ግማሽ ሲዞር ከሚጮኸው ይበረታል ማለት አይደለም።

እኔ ይህንን ሳደርግ አሮጌውና አዲሱ አምፕ ልዩነታቸው በጣም ጠበበ። አሮጌውም አዲሱ ቤት ውስጥ ጆሮ ይበሳል! ያን ቀን ነው ዓይኔ ከመደርደሪያው ተነሥቶ ግድግዳውን ያየው። ያም ሆኖ በየመሃሉ ያሉትን አልዘለልኳቸውም፤ እናንተም አትዝለሉ።

ደረጃ 4፦ ፕላስና ማይነስ

የአንዱ ስፒከር ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ የአንዱ ሸራ (የሚንቀጠቀጠው ክብ ገጽ) ወደ ውጭ ሲገፋ የሌላው ወደ ውስጥ ይሳባል። ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የተናጋሪው ድምፅ ከመሃል መምጣቱ ቀርቶ ቤቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። ዕቃ በተቀየረ ማግስት «ቤዝ የለውም» ከሚባሉት ሲስተሞች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኸው ነው።

የሚፈተሸው እንዲህ ነው። አምፑን አጥፉ። የስፒከሩን ገመድ ከአምፑ በኩል ንቀሉ። የባትሪ ድንጋዩን ፕላስ ከገመዱ ፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነሱ ለቅጽበት ብቻ አስነኩ። ትልቁ ሸራ ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ መስመሩ ላይ የሆነ ቦታ ተገልብጧል። ሁለቱንም ስፒከሮች ሞክሩ። ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳቸውም፤ ግን ይዛችሁ አትቆዩ።

ከስፒከሩ ጀርባ ሁለት ሳይሆን አራት መሰኪያ ካለ፣ በመካከላቸው አገናኝ የብረት ቁራጮች መኖር አለባቸው። ዕቃው ሲጓጓዝ ይላላሉ ወይም ካርቶን ውስጥ ይቀራሉ። ያኔ ወይ ትዊተሩ ወይ ወፍራሙ ብቻ ይሠራል።

ገመድን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለአምስት ሜትር መንገድ ለቤት ሶኬት መስመር በሚዘረጋው፣ በባለ 2.5 ውፍረት፣ ንጹሕ መዳብ ይበቃል። ጫፉን በቢላ ፋቁት። ከሥሩ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ላይ የተቀባ መዳብ ነው፤ ይቀየር። ከዚህ አልፎ የአንድ በሬ ዋጋ ያለው ገመድ የሚያመጣው ለውጥ እኔ ጆሮ ላይ አልደረሰም።

ደረጃ 5፦ መብራት

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዕቃችሁን አሜሪካ ያለ ዘመድ ልኮት ከሆነ ለ120 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። መምረጫ ካለው ትክክለኛው ላይ መሆኑን እዩ። ከሌለውና የተጻፈው 120 ብቻ ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ያለሱ ከተሰካ ጭስ ነው።

ትራንስፎርመሩ ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ይህ የሚያስቸግረው የሸክላ ማጫወቻን ነው። አንዳንዶቹ ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ኸርዝ ልክ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲሰካ ፍጥነቱ በስድስት እጅ አንድ እጅ ይቀንሳል። 33 ዙር ከሲሶ በደቂቃ የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። ሴቷ ድምፃዊት ወንድ ትሆናለች፣ ትዝታውም ያንቀላፋል። ሸክላው ዳር ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምታልፍ ቁጠሩ። ልዩ መዘውር ወይም የራሱ ኸርዝ ሰጪ ያለው አለ፤ በዲሲ ሞተር የሚሠሩት ደግሞ ከነጭራሹ ይህ ችግር የለባቸውም።

ሸክላ ካነሣን አይቀር፣ መሰኪያውንም እዩ። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ወደ 5 ሚሊ ቮልት ያህል ብቻ። ሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ያወጣል። ስለዚህ ሸክላ «ፎኖ» በሚለው በኩል ማለፍ አለበት። ሌላ ቦታ ከተሰካ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል፣ ቤዝም የለውም። ማጫወቻው በውስጡ ማጉያ ካለውና እንደገና ፎኖ ላይ ከሰካችሁት ደግሞ ይጨፈለቃል። ጀርባው ላይ «ፎኖ» እና «ላይን» የምትል ማብሪያ ፈልጉ።

ወደ ማጉረምረሙ እንመለስ። አምፑ ላይ ከስፒከር ገመድ በቀር ሌላውን ሁሉ ንቀሉ። ጸጥ ካለ፣ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የትኛው እንደሚያመጣው ያዙ። ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ሲስተም ከሆነ መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉ። ጣሪያ ላይ ያለው ብረትና የቤቱ መስመር በሁለት መንገድ ሲገናኙ እምምም የሚለው ይመጣል። አምፑንና ሪሲቨሩን አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል።

አምፑን በእጅ ስትነኩ የሚነዝር ከሆነ ሶኬታችሁ የምድር ሽቦ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስገቡ። «ማጉረምረሙ እንዲጠፋ የምድሩን ጫፍ ቁረጠው» የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ ከመካሪው ራቁ።

ቮልቱንም ለኩ፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አንዴ። ከዚያ የእንጀራው ምጣድ ሲሰካ አንዴ። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። የኛ ቤት ቴስተር ምጣዱ ሲሰካ ቁልቁል ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። አምፑ «ማታ ማታ ይደክመዋል» ካላችሁ እውነት ሊሆን ይችላል። ስታብላይዘር ስትገዙ ከአምፑ ፍላጎት በእጅጉ የሚበልጥ አቅም ያለው ይሁን፤ ደግሞ ራሱ ስለሚያጉረመርም ከመደርደሪያው አርቁት። በገጠሩ በኩል በሶላርና በኢንቨርተር የምትጠቀሙ፣ ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ የተቆራረጠ ነው። ዝዝዝ የሚለው ከዚያ ነው።

የአምፕ ክዳን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የተጠራቀመ ኮረንቲ ይቆያል። አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራው፣ የአምፖል አምፕ የሚባለውማ ገዳይ ነው።

ደረጃ 6፦ ሴቲንግ

ሁሉንም ኢኳላይዘር፣ ማለትም ቤዝና ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) የሚጨመርበትንና የሚቀነስበትን፣ ዜሮ አድርጉ፤ ስልኩ ላይ ያለውንም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውንም፣ አምፑ ላይ ያለውንም። ሦስት ቦታ ላይ ቤዝ የተጨመረበት ሲስተም አይቻለሁ፤ ባለቤቱ «ያፍናል» ብሎ አራተኛ ቦታ ላይ ትሬብል ሊጨምር ነበር። የማታ ሞድ የሚባለውን አጥፉ። ሰራውንዱንም አጥፉ።

በማይክ ክፍሉን የሚለካ ሪሲቨር (የዲሹ ሳይሆን አምፕ የሆነው) ካላችሁ፣ ስፒከር ስትቀይሩ ልኬቱን እንደገና አስጀምሩ። አለበለዚያ የድሮውን ስፒከር ጉድለት አዲሱ ላይ እያረመ ይቀመጣል። ሳብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ካለ፣ ቤዙ ለሱ የሚተውበትን ወሰን፣ መለያያውን፣ ከ80 ኸርዝ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ ክፍሉ

ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ እንደ ቆርቆሮ ትርርር የሚል ነገር ከሰማችሁ፣ ሲስተማችሁን ስትከፍቱም እሱ አብሮ እየዘፈነ ነው። ሴራሚክ፣ መስታወትና ልስን ድምፁን ይመልሱታል። ግድግዳ ለግድግዳ እየተቀባበሉ ጆሯችሁ ውስጥ ያፈሱታል። አጎቴ «ይጮኻል» ያሉት ይህንን ነው። ጥሩ ስፒከር ትሬብሉ የጠራ ስለሆነ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ ከድሮው የባሰ ይበሳል። ደግሞ ቤት ስንሠራ ሴራሚኩን መርጠን ደስ ብሎናል፤ ማን ያፈርሰዋል?

ከዕቃ በፊት ቦታ። ስፒከሮቹን ከቡፌ ውስጥ አውጡ። ቡፌ ለብርጭቆ ነው፤ ስፒከር ሲገባበት ራሱ ሣጥን ሆኖ ይጮኻል፣ ብርጭቆዎቹም ያጅቡታል። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 2 ሜትር ካለ፣ እናንተም ከእያንዳንዳቸው በ2 ሜትር ገደማ ተቀመጡ። ትዊተሩ በጆሯችሁ ቁመት ይሁን፤ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከ90 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ከማዕዘን አርቁ። ከጀርባ ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ጀምሩና በ10፣ በ10 እያስጠጋችሁና እያራቃችሁ በገናውን ስሙ። ሲቀርብ ቤዙ ይወፍራል፣ ሲርቅ ይጠራል። የወደዳችሁትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ፤ ለጽዳት ሲነሣ ይጠፋችኋል።

ቀጥሎ ሶፋው። እኛ ሶፋ ዙሪያውን ግድግዳ አስደግፈን መደርደር ልማዳችን ነው። ለእንግዳ ጥሩ፣ ለቤዝ መጥፎ። ግድግዳው ሥር ቤዝ ይከማቻል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉም ዘፈን ድም ድም ይለዋል። አንዱን ሶፋ ብቻ እንኳ ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ወደፊት አምጡት። ልዩነቱን ለመስማት ሙዚቃው እየተጫወተ ከግድግዳው ወደ መሃል ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። አንድ ቦታ ላይ ቤዙ ጥፍት ይላል፣ ሌላ ቦታ ያብጣል።

ይህ አስማት አይደለም። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ሳሎናችሁ 4 ሜትር ርዝመት ካለው 340ን ለ8 አካፍሉ፤ ወደ 43 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 43 ንዝረት፣ ይመጣል። በዚያ ኸርዝና በእጥፉ ላይ ክፍሉ ራሱ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ወርዱም 4 ሜትር ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ይብሳሉ። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሳሎን ለድምፅ አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሌላ ክፍል ካለ እዚያ ሞክሩ፤ እኔ መኝታ ቤት ወስጄው ደንግጫለሁ፣ አልጋውና ልብሱ ብቻቸውን ግማሹን ሥራ ሠርተውት ነበር።

ሳብዉፈር ያላችሁ እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱና ወለሉን እየዳኻችሁ ዙሩ። ቤዙ እኩልና ጥርት ብሎ የሰማችሁበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቤት ነው። ልጆች ካሉ ለዚህ ሥራ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ።

አሁን ማልበስ። በሴራሚኩ ላይ፣ በእናንተና በስፒከሮቹ መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። መስኮቱ ላይ ስስ ሻሽ ሳይሆን እጥፋት የበዛበት ከባድ መጋረጃ ስቀሉ። ለጎን ግድግዳ ደግሞ እኛ ሰሜን ሸዋዎች የታደልነው ነገር አለን፤ የመንዝ ባና። ከውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የሚመጣ ስፖንጅ ከመግዛት ባና ስቀሉ። ወፍራም የበግ ጸጉር ነው፤ ትሬብሉንና መካከለኛውን ድምፅ ጥሩ አድርጎ ይውጣል።

የት እንደሚሰቀል የእጅ መስታወቱ ይነግራችኋል። እናንተ ቦታችሁ ላይ ተቀመጡ። ረዳታችሁ መስታወቱን በጎኑ ግድግዳ ላይ እያስጠጋ ይሂድ። ትዊተሩን በመስታወቱ ውስጥ ያያችሁበት ቦታ፣ ድምፁ ነጥሮ ወደ እናንተ የሚመጣበት ነው። ባናውን እዚያ ስቀሉ፤ ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ብትተዉለት የበለጠ ይሠራል። በሌላኛው ጎንም እንደዚያው። ሁለት ይበቃል። ሁሉንም ግድግዳ ካለበሳችሁት ሳሎኑ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው እንደሚያወሩበት ይሆናል።

ባና ግን ቤዝ አይነካም፤ ለዚያ ውፍረት ያስፈልጋል። እኔ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ የበግ ጸጉር በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የእንጨት ፍሬም ውስጥ ሞልቼ፣ አቡጀዲ አልብሼ፣ ከስፒከሮቹ ኋላ ማዕዘኖቹ ላይ አቁሜአለሁ። በደንብ ካልታጠበ ይሸታል፣ ብልም ይገባዋል። የመጀመሪያውን የሠራሁት ሳላጥብ ነው፤ እናቴ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳሎን አልገባችም።

ደረጃ 8፦ አምፕና ስፒከሩ ይጣጣማሉ?

እስከዚህ ደርሳችሁ አሁንም ከደከመ፣ ሁለት ቁጥር አንብቡ። አንደኛው የስፒከሩ ኦም (ለኮረንቲ ያለው መቋቋም) ነው፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከባለ 8 ኦም ይልቅ አምፑን በጣም ይስበዋል። ትንሽ አምፕ ይሞቅና ራሱን ያጠፋል። ሁለተኛው በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ስንት ዲሲቤል እንደሚሰጥ ነው። የድሮው ስፒከር 90፣ አዲሱ 84 ከሆነ፣ ያንኑ ከፍታ ለማግኘት አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ውድ ስፒከር ሆኖ ደካማ የሚመስለው አንዱ በዚህ ነው። ባለ 8 ዋት የአምፖል አምፕ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ከተጋባ ጋብቻው አይቆይም። አምፑን ከ30 ወደ 40 ዋት ማሳደግ ደግሞ ጆሮ ላይ ምንም ያህል አይደለም፤ እጥፍ ዋት የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው።

ስለ ብርዱ

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ሳስቷል፤ ስለዚህ ዕቃን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ውጭው ቢበርድም አምፑ ውስጡ ይግላል። ከላዩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ዳንቴሉንም አንሡለት! ቆንጆ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የአምፑን መተንፈሻ ደፍኖታል።

በውርጭ ሰሞን ጠዋት ላይ አትፍረዱ። የሸክላ መርፌው ጎማና የስፒከሩ ዙሪያ በብርድ ይደርቃሉ፤ ድምፁ የተኮማተረ ይሆናል። ቤቱ ሞቅ ይበል፣ ሲስተሙም ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ከዚያ ስሙ። ዕቃው መኪና ላይ ቀዝቅዞ ወደ ሞቀ ቤት ከገባ ሳትከፍቱት ጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከደብረ ብርሃን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት የምትኖሩ ይህ አያስጨንቃችሁም፤ የእናንተ ጣጣ አቧራና ሙቀት ነው።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ

ሻጩ «ሲለመድ ይስተካከላል፣ 200 ሰዓት አጫውተው» ሊላችሁ ይችላል። እኔንም ብሎኛል። አዲስ ስፒከር ትንሽ መፍታታቱ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚለምደው ጆሯችን ነው። 200 ሰዓቱ ሲያልቅ የመመለሻ ቀኑም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ከደረጃ 1 እስከ 8 ያለውን በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ደስ አላለኝም» ከሚል ደንበኛ ይልቅ «በአሮጌው አምፕ ግራው ይሠራል፣ በአዲሱ አይሠራም» የሚለውን ሻጭም ይሰማዋል።

አጎቴ ለፍልሰታ ተመልሰው መጡ። ያችኑ በገና ከፈትኩላቸው። ምንም አላሉም፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው እስኪያልቅ ሰሙና «ድገማት» አሉ። እናቴ ግን ባናዎቹን ገና ከአሁኑ አስጠንቅቃኛለች። ኅዳር ሲገባና ውርጩ ሲመጣ አንደኛውን ከግድግዳ አውርዳ ትለብሰዋለች። ያኔ መስታወቱንና ሜትሩን ይዤ እንደገና እጀምራለሁ።